ዝላዩን መልሱልን!

(ማሳሰቢያ፦ ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጌሙ የፈረንጅ ነውና ዘመኑንም ለፈረንጅ ትተንለታል። ጃፓን ፈረንጅ ናት ወይስ አይደለችም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።)

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አስፋልት ይዛችሁ ሐሙሲት ስትደርሱ፣ ወደ ቀኝ የሚገነጠለው መንገድ አንበሳሜ ያደርሳችኋል። ሳትገነጠሉ ፊት ለፊት ከቀጠላችሁ ደግሞ የፎገራ ሜዳ ይቀበላችኋል፤ ግራ ቀኙ ሩዝ፣ መሐሉ ወረታ። እኛ ይህን የምንጽፈው ገሚሶቻችን በአንዱ፣ ገሚሶቻችን በሌላው ያደግን ነን። ያገናኘን ግን ትምህርት ቤት አይደለም፣ ዝምድናም አይደለም። ያገናኘን አንድ ጢማም የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ማሪዮን ነው የምንላችሁ!

ወረታ ውስጥ አንዲት የጭቃ ቤት ነበረች። ውስጧ አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር እና ኔንቴንዶን አስመስሎ የተሠራ አንድ የቻይና ማጫወቻ አለ። ካሴቱ ላይ “9999 ጌም በአንድ” ይላል። ብትቆጥሩት ከሰላሳ አያልፍም፤ የቀረው ያው አንዱ ጌም ስሙን እየቀያየረ የሚመጣ ነው። ሒሳቡ በሰዓት ሳይሆን በነፍስ ነበር። ከፍለህ ትቀመጣለህ፣ ሦስት ነፍስ ይሰጥሃል፣ ሦስቱም ሲያልቁ ጆይስቲኩን ወረፋ ለሚጠብቀው ታስረክባለህ። ስለዚህ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ልጅ የሚያዝነው ለማሪዮ አልነበረም፤ ለሳንቲሙ ነበር። የአንበሳሜዎቹ ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ለጉዳይ ወረታ በመጡ ቀን ብቻ ስለሚደርሳቸው፣ አንዷን ነፍስ እንደ ትኩስ ዳቦ በስስት ነበር የሚይዟት።

ልብ በሉ፤ ያኔ ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚያነብ አልነበረም። ጃፓንኛማ አታንሱት! ግን ማንም አላስረዳንም፣ እኛም ማንንም አልጠየቅንም። በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የመጀመሪያዋ ሌቭሉ ራሷ አስተማሪ ናት። ማሪዮ በግራ በኩል ይቆማል፤ በቀኙ ያለው ሜዳ ክፍት ነው፤ ስለዚህ ወደ ቀኝ ትሄዳለህ። አንዲት ቡናማ እንጉዳይ መሳይ ነገር ትመጣብሃለች፤ ዝም ብለህ ከጠበቅካት ትሞታለህ፤ በሁለተኛው ትዘላለህ። ስትዘል ጭንቅላትህ የጥያቄ ምልክት ካለበት ሳጥን ጋር ይጋጫል፤ ሳንቲም ዱብ ይላል፤ “አሃ!” ትላለህ። በቃ፣ ትምህርቱ አለቀ። አንድ ቃል አልተነገረም። ጌሙ በቋንቋ ስለማያስተምር የሁሉም ሰው ነበር። የአንበሳሜ ልጅና የቶኪዮ ልጅ እኩል ይማሩበታል፣ እኩል ይሞቱበታል።

ይህን ሁሉ የምናወራው ትዝታ ልንዘፍንላችሁ አይደለም። ትዝታ ለዘፋኞች ይሁን። እኛ ክስ ይዘን ነው የመጣነው።

ተከሳሹ “ሪሜክ” ይባላል። ሮጠህ፣ ዘለህ፣ ጉድጓድ ተሻግረህ የምትጫወታቸውን፣ ፕላትፎርም ጌም የሚባሉትን የድሮ ጌሞች ኩባንያዎቹ ከሳጥን አውጥተው፣ ስዕላቸውን አድሰው፣ ድምፃቸውን አሳምረው እንደ አዲስ ይሸጣሉ። ዓለም ያጨበጭባል። የኛም አገር ልጅ በስልኩ ማስታወቂያውን አይቶ “ወይኔ ልጅነቴ!” ይላል። እኛ ግን “ወይኔ” ያልነው በሌላ ምክንያት ነው። ሪሜክ አይሠራ አላልንም። ክሳችን ሦስት ነው፦ ዝላዩን አበላሹት፣ አሮጌውን ቆለፉት፣ በሩ ላይ ዘበኛ አቆሙበት።

ክስ አንድ፦ ዝላዩ

ፕላትፎርም ጌም ማለት ዝላይ ነው። ታሪኩ ምንም ነው፤ ልዕልቷ ብትገኝም ባትገኝም ማንም አያለቅስም። ዋናው ነገር በአውራ ጣትህና በማሪዮ እግር መካከል ያለው ውል ነው። ቁልፏን ነካ ካደረግካት አጭር ዝላይ፣ ተጭነህ ከያዝካት ረጅም፣ ሮጠህ ከመጣህ ደግሞ ሩቅ፤ አየር ላይ እያለህም ትንሽ መመለስ ትችላለህ። ይህንን ውል ጣታችን ያውቀዋል እንጂ አፋችን አይናገረውም። ዓይን ጨፍነው ጉድጓዷን የሚያልፉ ልጆች ነበሩን።

አሁን ሪሜኩ ይመጣና ስዕሉን እያሳመረ ውሉን ይቀድዳል። ኔንቴንዶ ራሱ በ1993 ማሪዮዎቹን በሱፐር ማሪዮ ኦል ስታርስ ሲያድስ፣ በመጀመሪያው ጌም ጡብ በጭንቅላት ሲሰበር የሚሆነው ነገር ተለወጠ፤ በድሮው ጡቡ ማሪዮን ወደ ታች ይመልሰዋል፣ በአዲሱ ግን ወደ ላይ ማለፉን ይቀጥላል። “ይቺ ደግሞ ምን ናት?” ትሉ ይሆናል። ሳንቲማችሁ አብሯት ጉድጓድ ከገባች ትልቅ ናት!

ከዚያ የባሰው ክራሽ ባንዲኩት ነው። በ1996፣ በ1997 እና በ1998 የወጡት ሦስቱ ጌሞች በ2017 “ኤን ሴን ትሪሎጂ” ተብለው በአንድ ላይ ተሠሩ። ጸጉሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ቅጠሉ በንፋስ ይወዛወዛል፤ ማማሩንስ አምሮ ነበር። ግን ለሦስቱም የሦስተኛውን ጌም አያያዝ መነሻ አደረጉት። የመጀመሪያው ጌም ድልድዮችና ገደሎች የተለኩት ደግሞ ለመጀመሪያው ዝላይ ነው። የአንዱን ሰው ጫማ ለሌላው እንደማልበስ በሉት። ነባሮቹ ተጫዋቾች በገፍ ከገደል ሲወድቁ አሳታሚው ኩባንያ ራሱ መግለጫ አወጣ፤ አዎ፣ የአንደኛው አዘላለልና አወራረድ ከድሮው ይለያል፣ ጀማሪዎችም ከሁለተኛው ወይ ከሦስተኛው ቢጀምሩ ይሻላል አለ። አስቡት እስቲ! “መጽሐፉን አሳምረን አትመነዋል፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ግን ለጊዜው ዝለሉት” እንደማለት እኮ ነው።

ጎንደር ቅርባችን ናት፤ ምሳሌውን ከዚያ እንውሰድ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የፋሲል ግቢ ሲጠገን ሲሚንቶና ኮንክሪት ገባበት። ግድግዳው ግን በኖራ የተሠራ ነበር። ከዓመታት በኋላ ጥገናው ሲካሄድ ያንን ሲሚንቶ እያነሱ በኖራ መተካት ግድ ሆነ። ያ ጠጋኝ ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ያየው ግን የግንቡን መልክ እንጂ ግንቡን ያቆመውን አይደለም። የፕላትፎርም ጌም ኖራው ዝላዩ ነው። ሲሚንቶ አትግቡበት!

ክስ ሁለት፦ ቁልፉ

ፎገራ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። አዳዲስ ዝርያ ያወጣል። ገበሬው ደግሞ ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች ያመጡትን ኤክስ ጅግና የሚባለውን ዝርያ ለአስርት ዓመታት አልለቀቀም። ታዲያ ተመራማሪው ምን ያደርጋል? አዲሱን ከአሮጌው ጎን ይዘራል፣ ገበሬው አይቶ ይመርጣል። ከወደደ ይወስዳል፣ ካልወደደ የለመደውን ይዘራል። ተመራማሪ በሌሊት ጎተራ ገብቶ የኤክስ ጅግናን ዘር አቃጥሎ “ከነገ ጀምሮ የኔን ብቻ ዝሩ” ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የጌም ኩባንያ ግን ይህንኑ ያደርጋል። ሴጋ በሰኔ 2022 ሶኒክ ኦሪጂንስ የተባለውን ስብስብ ሊያወጣ አንድ ወር ሲቀረው፣ የድሮዎቹን ሶኒኮች ለየብቻ ይሸጡባቸው ከነበሩት የዲጂታል መደብሮች ከአብዛኞቹ አወረዳቸው። አዲሱን ካልገዛህ አሮጌውንም የለህም። አዲሱን የገዛ ደግሞ የሦስተኛው ሶኒክ አንዳንድ ሙዚቃዎች በሌላ ተተክተው አገኛቸው። ኔንቴንዶስ? በመስከረም 2020 ሦስት የማሪዮ ጌሞችን ሰብስቦ አወጣና በመጋቢት 31 ቀን 2021 ሽያጩን ዘጋ። የ1985ቱን ማሪዮ ሰላሳ አምስት ሰው በኢንተርኔት እየተፎካከረ የሚጫወትበት ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 35 የተባለውም በዚያው ቀን ጠፋ። እንግዲህ ይህ የልደት ስጦታ መሆኑ ነው፤ የሠላሳ አምስተኛ ዓመት በዓል ተብሎ ነበር! ስጦታ ሰጥቶ በስድስት ወሩ የሚቀማ ዘመድ ካላችሁ ተጠንቀቁት።

ይህ የሁለት ኩባንያ ጸባይ ብቻ አይደለም። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 ከመቶው ዛሬ በገበያ አይገኙም። ከመቶ አሥራ ሦስት ብቻ ቀሩ ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ እየተመረጠ ነው “በአዲስ መልክ” የሚባልልን።

ክስ ሦስት፦ ዘበኛው

የ1985ቱ ማሪዮ 40 ኪሎባይት ነው። በስልካችሁ ያነሳችሁት አንድ ፎቶ እንኳን ከዚያ ይበልጣል። ሠሪዎቹ ቦታ ስለጠበባቸው ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ስዕል ናቸው፤ ቀለሙ ብቻ ተለወጠ። የታደሰው ክራሽ በኮምፒዩተር ላይ 30 ጊጋባይት ቦታ አዘጋጁልኝ ይላል። አስልተነዋል፤ በዚያ ቦታ የድሮው ማሪዮ ሰባት መቶ ሃምሳ ሺ ጊዜ ይገባል። እንግዲህ ይህን ወረታ ላይ ዳውንሎድ አድርጉት!

“ሲዲ ግዙ” የሚሉን አሉ። እሺ፣ የ2018ቱን የስፓይሮ ሪሜክ ሲዲ ገዛን እንበል። ሦስት ጌም በአንድ ነው ይላል ሽፋኑ፤ ሦስቱም ሙሉ ሆነው ግን ሲዲው ላይ የሉም፤ ቀሪውን ከኢንተርኔት አውርዱ። ስለዚህ ኢንተርኔት ግድ ነው። እንክፈት ስንል ደግሞ የፕሌይስቴሽን አካውንት ከየት አገር እንደሆንን ይጠይቃል፤ በሚያቀርበው ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ የወረታው ጎረምሳ በስክሪን ፊት ቁጭ ብሎ “ደቡብ አፍሪካዊ ነኝ”፣ “አሜሪካዊ ነኝ” እያለ ይዋሻል። ቪዛ ሳይጠይቅ ዜግነት የቀየረ ትውልድ!

በነሐሴ 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆየ። በዚያ ጊዜ ሰው ከጌም የሚበልጥ ብዙ ሐዘን ነበረው፤ እናውቃለን፣ አናወዳድርም። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚያ ሁሉ ወራት ፈቃድ ከሩቅ አገር ሰርቨር የሚጠብቅ ጌም ሬሳ ነበር። ያ የጭቃ ቤቱ ካሴት ግን መብራት እስካለ ድረስ ይነሳል። ቤት ለተዘጋበት ልጅ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ቋንቋውስ? የድሮው ጌም ዝም ብሎ ያስተምር ነበር ብለናል። አዲሱ ገና ሲከፈት “ውሉን ተቀበል” የሚል የአንድ ክንድ ጽሑፍ ይዘረጋል፤ ከዚያ “ለመዝለል ይህን ተጫን”፣ “ለመሮጥ ያንን ተጫን” እያለ ይለፈልፋል። በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በስፓኒሽ ይመርጧል። አማርኛን ፈልጉት እስቲ! ዝም ሲል ሁላችንንም ያስገባን ጌም መናገር ሲጀምር እኛን ውጭ አስቀረን። የክሳችን ሁሉ ማሠሪያ ይህች ናት።

የተከሳሽ መልስ

ፍትሐዊ እንሁንና ተከሳሹን እንስማው።

“አሮጌው ካሴት እጃችሁ ላይ አይደል?” ይለናል። የለም! ካሴት ይዝጋል፣ ማጫወቻ ይቃጠላል፣ ያ ወፍራም ቴሌቪዥን ለቆሻሻ ገዢ ተሰጥቷል። የጭቃዋ ቤትም ዛሬ የስልክ መሸጫ ናት። ዕቃ ይሞታል፤ ለዚህ ነው ሥራው በሕጋዊ መንገድ መኖር ያለበት።

“የዛሬ ልጅ ባለ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ስዕል አይወድም” ይለናል። ይሁን። ለሱም መልስ አለ። የ1989ኙን ወንደር ቦይ ዘ ድራገንስ ትራፕ በ2017 ሊዛርድኪዩብ የተባለ ትንሽ የፓሪስ ቡድን ዳግም ሠራው። በእጅ የተሣለ ውብ ሥራ ነው። ነገር ግን እየተጫወታችሁ ሳለ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ያው ቦታ በቅጽበት የድሮውን መልክ ይለብሳል፤ ሌላ ቁልፍ ደግሞ የድሮውን ድምፅ ይመልሳል። በድሮው ጌም ወረቀት ላይ የጻፋችኋት የይለፍ ቃል እንኳን በአዲሱ ላይ ትሠራለች! አያቱን የሚያከብር የልጅ ልጅ ይሉሃል ይህ ነው። ሶኒክ ማኒያም አለ። ክርስቲያን ዋይትሄድ የተባለው አውስትራሊያዊ ከተራ አድናቂነት ተነስቶ ሶኒክን እንዳሮጌው እንዲሮጥ አድርጎ ስላሳየ፣ ሴጋ ሥራውን ለሱና ለመሰሎቹ ሰጠ፤ በ2017 የወጣውንም ውጤት ተጫዋቹ በአንድ አፍ ወደደው። እንግዲህ ይቻላል ማለት ነው። የማይቻል ቢሆን ኖሮ አንከስም ነበር።

“እናንተ መቼ ከፍላችሁ ታውቃላችሁ? የተጫወታችሁት የተሰረቀ ነው” ይለናል በመጨረሻ። እዚህ ላይ አንገታችንን ደፋ እናደርጋለን። እውነት ነው። የጭቃ ቤቱ ሳንቲም ለማሪዮ ሠሪዎች አልደረሰም። ከሰው ላብ በነጻ መጠጣት ጥሩ ነው አንልም፤ ነገ የኛ ልጆች ጌም ሠርተው በየሱቁ ሲገለበጥባቸው ያመናል። ግን ጥያቄ አለን፦ ማን ሸጠልንና እምቢ አልን? ባለቤቱ በሩን ዘግቶ ሄዶ፣ የጓሮውን አጥር የቀደደው ሰው አስገባን። ዛሬም ሕጋዊው በር ላይ የአገራችን ስም የለም። መጀመሪያ በሩን ክፈቱ፤ ከዚያ አጥር ዘለላችሁ በሉን።

እኛስ?

ጣት ስንቀስር ሦስቱ ወደኛ መዞራቸውን አልረሳንም። ያንን ካሴት የጣልነው እኛ ነን። “አሮጌ ነገር ምን ያደርጋል” ብለን በሚዛን ሸጠነዋል። የጌም ቤቶቻችንን ዘመን የጻፈ፣ ፎቶ ያነሳ፣ አንዷን ማጫወቻ ለማስታወሻ ያስቀመጠ ስንት ነው? ጌምን የሥራ ፈት ነገር አድርገን ስላየነው፣ ታሪካችን መሆኑን ሌላ አገር ያለ ሰው ሲያነሳው ነው የሰማነው።

ደግሞ ሪሜክን በደንብ መሥራትን ከፓሪስ ብቻ መማር የለብንም። ቅኔ ጌምስ የተባሉት አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች ገበጣን ወደ ስልክ አምጥተውታል። ገበጣ እንግዲህ ከማሪዮ በፊት፣ ከኤሌክትሪክም በፊት የነበረ ጨዋታ ነው። በስልክ ወጣ ተብሎ ግን መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው በጠጠር የሚጫወቱ ልጆች አልተከለከሉም። አዲሱ መጣ፣ አሮጌውም አለ፣ ሕጉም ያው ነው። እነዚሁ ልጆች ኩኩሉ ብለው ዶሮ የምትሮጥበት ጌም ሲሠሩም ስሙን ያገኙት ከሠፈር ድብብቆሽ ነው። ከዚህ የሚበልጥ የሪሜክ ትምህርት ቤት ከየት ይመጣል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ስዕሉን እንደፈለጋችሁ ቀቡ፤ ዝላዩን ግን እንደነበረ ተዉት፣ ወይም የድሮውን ዝላይ በአንድ ቁልፍ መልሱልን። ሁለተኛ፣ አዲሱን ስታወጡ አሮጌውን ከመደብር አታውርዱ፤ ጎን ለጎን ይቁሙ፣ እንደ ገበሬው እኛ እንምረጥ። ሦስተኛ፣ ሲዲ ስትሸጡ ጌሙን ሲዲው ላይ አስቀምጡ፤ ያለ ኢንተርኔት ይነሳ፣ ያለ አካውንት ይከፈት፤ ካልሆነ ደግሞ አገራችንን ዝርዝሩ ውስጥ አስገቧት።

ለናንተም ለወዳጆቻችን አንድ አደራ አለን። ቁም ሳጥን ላይ፣ አልጋ ሥር፣ ቆጥ ላይ አቧራ የጠጣ ካሴት ወይም ማጫወቻ ካላችሁ አትጣሉት። ታናሽ ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን አስቀምጡና ጆይስቲኩን ስጧቸው። ምንም አታስረዱ። ያቺ ቡናማ እንጉዳይ ትምጣ፣ አንዴ ይሙቱ፣ በሁለተኛው ይዝለሉ። “አሃ!” ሲሉ ከሰማችሁ፣ እኛ ስለ ምን እንደምንጮህ ያን ጊዜ ይገባችኋል።

ቸር እንሰንብት።